እማማ ብርቄን ያስገደፈው ጄሊ

ልጅ እያለሁ ለሆዴ ስል የዋሸሁት ውሸት ተቆጥሮ አያልቅም። ስኳር ቅሜ በጉንዳን አሳብቤአለሁ፤ ዳቦ ገምጬ ድመቷን አስገርፌአለሁ። አብዛኛው ለአንድ ኩርኩም እንኳ ሳይበቃ ተረስቷል። በአንድ የፍልሰታ ጾም የዋሸሁት ግን ሁለት ጎረቤት ሊያለያይ ምንም አልቀረውም ነበርና፣ ትዝ ባለኝ ቁጥር መጀመሪያ አፍራለሁ፣ ቀጥዬ ደግሞ ብቻዬን እስቃለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ አገሩ ናዝሬት። የምንኖረው ሁለት ቤት ባለበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር። የግቢው በር አንድ፣ ቧንቧው አንድ፣ የዘይቱን ዛፉም አንድ። አሁን ሰው ሁሉ ጉዋቫ የሚለውን ፍሬ እኛ ያኔ ዘይቱን ነበር የምንለው። ዛፉ በሁለቱ ቤቶች በር መካከል ስለበቀለ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ የጠየቀም አልነበረም። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲያባራ የበሰለው ዘይቱን ሽታ ግቢውን ሞልቶ መንገድ ድረስ ይወጣል። እኛ ልጆች ከነፍሬው እየዋጥን ሆዳችን እስኪደርቅ እንበላና፣ የምጥ ያህል ተሠቃይተን ስንድን ተመልሰን ዛፉ ላይ ነን።

በኛ ቤት እማዬ፣ እኔና እማማ ብርቄ ነበርን። አባቴ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። እማዬ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። እማማ ብርቄ አባቴን ያሳደጉት የአባቴ አክስት ናቸው፤ ከምንጃር መጥተው ከኛ ጋር ይኖራሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆጡ እንኳ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሴት ነበሩ። በጾም ወራት ሽሯቸውን ያለ ዘይት የሚበሉ፣ ፍልሰታን ጾመው ለበዓሉ ሳይቆርቡ የቀሩበት ዓመት የማይታወቅ ሰው ናቸው። አንድ ድካም ብቻ ነበረባቸው፦ ጣፋጭ። ሻያቸው ውስጥ ስኳሩ ከመብዛቱ የተነሣ ማንኪያው የሚቆም ይመስላል። ስኳር ደግሞ በኮታ ነበር። ወንጂ ሸንኮራ የጫነ መኪና እየተከተልን የምንመነትፍባት ጎረቤታችን ናት፤ ስኳሩ ግን ቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምናገኘው የወር ድርሻ ነው። እሱም ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል።

በወዲያኛው ቤት እትዬ ማርታና ልጇ ለሊሴ ይኖራሉ። እትዬ ማርታ የነቀምት ሰው ናት፤ ትምህርት ቤት ሆም ኢኮኖሚክስ ታስተምራለች። ባሏ መልካሳ ሄደው ስለሚሠሩ ቀን ቀን አይገኙም። ጴንጤ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ እሑድ እሑድ መስኮታቸውን ዘግተው በሹክሹክታ ነበር የሚዘምሩት። መዝሙሩ ሲጀመር እማዬ ምንም ሳትናገር ተነሥታ የኛን ሬዲዮ ከፍ ታደርገዋለች፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ዜና እንጂ መዝሙር እንዳይሰማ። እማማ ብርቄ በሬዲዮው ጩኸት ያጉረመርማሉ እንጂ ከግቢው ውጪ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ከእትዬ ማርታ ቤት የመጣ ምግብ ግን በጾም አይቀምሱም። «ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ድስቷን አያጾመውም» ይሉ ነበር።

በዚያ ነሐሴ ለሊሴና እኔ አንድ ቅርጫት ሙሉ ዘይቱን ለቀምንና እትዬ ማርታ ጄሊ ሠራች። ማርማላታ እንኳ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሄ ግን ሌላ ነበር። ፍሬ የለው፣ ገለባ የለው፣ ቀይ ሻይ በብርጭቆ ውስጥ ረግቶ የቀረ ነው የሚመስለው። ብርሃን ላይ ሲይዙት ወዲያ ማዶ ያለው ይታያል፤ ሲነኩት ይንቀጠቀጣል። እትዬ ማርታ አንዱን ብርጭቆ በሰሐን ሸፍና ለእማማ ብርቄ ይዛ መጣች።

«እማማ፣ የጾም ነው። ዘይቱን፣ ስኳርና ሎሚ ብቻ ነው ያለበት» አለቻቸው።

እማማ ብርቄ ብርጭቆውን በሩቁ አዩት። ቀለሙን አዩት። ሽታው አፍንጫቸው ደረሰ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ማንኪያ አምጪ ሲሉኝ ጆሮዬን አላመንኩም። እኔን በሻይ ማንኪያ ጫፍ አቀመሱኝና ራሳቸው ቀጠሉ። አንድ ጎረሱ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት ጎረሱ። ሦስተኛው ላይ ብርጭቆው ተጋመሰ። እኔ ያን ቀን እንደ ደንቡ ጾሜ ውዬ፣ ምራቄን እየዋጥኩ ፊታቸው ቆሜአለሁ። እኚህ ሴትዮ ካልተገቱ ለኔ የሚተርፈኝ ብርጭቆው ብቻ እንደሆነ ገባኝ።

የሳይንስ አስተማሪያችን አንድ ቀን ስለ ቆዳና ሌጦ ሲያስረዳን፣ ከከብት አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር እንዳለ፣ አንዳንድ የፋብሪካ ጣፋጭ በሱ እንደሚረጋ ነግሮን ነበር። እሷ ነገር ትዝ አለችኝ።

«እማማ» አልኩ፣ የተማረ ሰው ድምፅ አውጥቼ፣ «ይሄ እኮ የሚረጋው በአጥንት ነው። እነዚያ ቆዳ ጭነው ወደ ሞጆ የሚሄዱት መኪኖች የሉ? የዚያ ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ ነው። አስተማሪያችን ነግሮናል።»

እትዬ ማርታ ስትሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጠገቧ ነበርኩ። አጥንት የሚባል ነገር በዚያ በኩል አላለፈም። ይህን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ሐሳቤ እማማ ይጸየፉና የተረፈውን እኔ እበላለሁ ነበር፤ እኔም ጾመኛ መሆኔን ሆዴ አስረሳኝ።

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። እማማ ብርቄ ብርጭቆውን አነሡና ቀስ ብለው ነቀነቁት። ጄሊው ተንቀጠቀጠ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። በዕድሜያቸው ረግቶ የሚንቀጠቀጥ ነገር ያዩት አንድ ነው፦ ያደረ የቅቅል መረቅ።

«ቅቅል ሲያድር እንዲህ ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ብድግ ብለው ወጡና ጄሊውን ከዛፉ ሥር ደፉት። ቧንቧው ጋ ሄደው አፋቸውን ደጋግመው ተጉመጠመጡ። «ገደፍኩ! እመቤቴ ሆይ፣ በፍልሰታሽ ገደፍኩ!»

እትዬ ማርታ ልብስ ስታጥብ ከነበረችበት፣ ከእጇ አረፋ እየተንጠባጠበ ብቅ አለች። «ምን ሆኑ፣ እማማ?»

«እያወቅሽ! የጾም ነው ብለሽ የከብት አጥንት አበላሽኝ! ሃይማኖትሽ ሌላ ነው ብዬ አንድ ቀን ክፉ ተናግሬሽ አውቃለሁ? ምን በደልኩሽ?»

እማዬ ከቤት ሮጣ ወጣች። «እማማ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ! ሰው ይሰማል!» የፈራችው ጠቡን ብቻ አልነበረም። ያኔ የጴንጤ ስም መንገድ ድረስ እየተጮኸ መጠራቱ ለነእትዬ ማርታ ጥሩ አልነበረም። እማማም ገባቸው መሰለኝ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እትዬ ማርታ ግን የመጣባትን እንባ ዋጥ አድርጋ ገባችና በሩን ዘጋችው። ያን በር በቀን ተዘግቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

ለሊሴ ከዚያ ወዲያ ግቢ ውስጥ አልታየችም። ዘይቱኑ እየወደቀ የሚለቅመው አጥቶ የዝንብ መጫወቻ ሆነ። እማማ ብርቄ ለበዓሉ እንደማይቆርቡ ተናገሩ፤ «በዚህ አፌ? በየት በኩል?» እያሉ ቁርጥ አደረጉት። እሑድ ጠዋት ደረሰ። እማዬ እንደ ልማዷ ተነሥታ ሬዲዮውን ከፍ አደረገች። ጆሮዬን ከግድግዳው ለጥፌ አዳመጥኩ። በወዲያ በኩል ምንም አይሰማም። አልዘመሩም። ሬዲዮው ለባዶ ሲጮህ ዋለ።

እሱን አልቻልኩም። ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትገርፈኛለች ብዬ ነበር፤ አልገረፈችኝም። «ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል» አለችና ጆሮዬን ይዛ እማማ ብርቄ ፊት አቆመችኝ። እያለቀስኩ ዋሽቼ እንደነበር፣ የቀረውን ልበላው ብዬ እንደሆነ ተናዘዝኩ።

እማማ ብርቄ አዳመጡኝና ራሴን ዳበሱኝ። ከመመታቴ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ።

«አይ ልጄ፣ የለሊሴ ነገር አላስችል ብሎሽ ነው። ልጅ ለወደደው ይዋሻል። እውነቱንማ ያን ዕለት ነግረሽኛል።»

ጉድ በሉ! ውሸቴ ታምኖ እውነቴ ተጣለ። ብምል፣ ብገዘት፣ መሬት ብንከባለል እንቢ አሉ። ማስረጃቸው ያ የተንቀጠቀጠው ነገር ነው። የዘይቱን ውሃ ከረጋ ለምን ማሰሮ ሙሉ ውሃ አይረጋም ይላሉ።

ግድግዳችን ስስ ነበርና እትዬ ማርታ ሁሉንም ሰምታለች። በማግስቱ ጠዋት በሯን ከፍታ ወጣችና ደጃችን ላይ ቆመች።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ ብርቄ። ድስቱ የእርስዎ ይሁን፣ ምድጃው የእርስዎ ይሁን። እኔ እጄን ብቻ ይዤ እመጣለሁ። ዐይንዎ እያየ ይሠራ። ካልረጋ አጥንት ነበረበት ይበሉኝ።»

እማማ ብርቄ እጆቿን አገላብጠው አዩ። በመጨረሻ «ድስቱን እኔው ነኝ የማጥበው» አሉ።

በአመድ ሦስት ጊዜ አጠቡት። ለሊሴና እኔ ዛፍ ላይ ተሰቀልን፤ እስከዚያ ሰዓት አላናገረችኝም ነበር፤ የምትለቅመውን ግን የኔ ቅርጫት ውስጥ ነበር የምትጥለው። የእትዬ ማርታ ስኳር በመጀመሪያው ጄሊ አልቋል። እማዬ የኛን ጣሳ አወጣችና የወሩን ድርሻ እስከ ታች ገለበጠችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ወሩ እስኪያልቅ ቤታችን ውስጥ ሻይ እንደ ኮሶ እንደሚመር፣ ምክንያቱም ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለጋትም።

እማማ ብርቄ በርጩማቸውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጠው ዘብ ገቡ። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልሄዱም፤ ውዳሴ ማርያማቸውን በቃላቸው እዚያው እያነበነቡ የእትዬ ማርታን እጅ ይጠብቃሉ። ዘይቱኑ ተከትፎ ከነልጣጩ፣ ከነፍሬው በውሃ ተቀቀለ። ወንበር ተገለበጠና አራቱ እግሮቹ ላይ የእማማ ንጹሕ አቡጀዲ ታሰረ፤ ሥሩ ሳሕን ተደረገ። የተቀቀለው አቡጀዲው ላይ ተገለበጠና ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ።

«አሁን አይነካም» አለች እትዬ ማርታ። «በራሱ ነው የሚወርደው። ከተጨመቀ ይደፈርሳል።» ይህን ብላ ሎሚ ልታመጣ ገባች።

እማማ ብርቄ ጠብታውን አዩ። አቡጀዲው ውስጥ የቀረውን አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላ ሲያጠሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ያን የሚያህል ነገር ጭማቂው ውስጡ ቀርቶ ሊደፋ መሆኑን ልባቸው አልቀበል አለ። «ይሄ ሁሉ ሊጣል? እግዜርም አይወደው!» አሉና ሁለት እጃቸውን አስገብተው እንደ ጠላ ማጥለያ ጥርቅም አድርገው ጨመቁት። ሳሕኑ ሞላ። ንጹሑ ውሃ እንደ ክረምት አዋሽ ደፈረሰ።

እትዬ ማርታ ሎሚዋን ይዛ ስትመለስ ደርቃ ቀረች። ሳሕኑን አየች፣ እማማን አየች፣ እማማ ደግሞ በሠሩት ሥራ ኮርተው እጃቸውን ይጠርጋሉ።

«ራኮ ሂንቀቡ፣ እማማ። ችግር የለም» አለች። ለእማዬ ግን ዝቅ ብላ የነገረቻትን ሰማሁት፦ «ውሃው በዝቷል፣ ስኳሩም አይበቃው ይሆናል። እንጃ ከረጋልን።»

ካልረጋ አለቀልን። ካልረጋ የመጀመሪያው የረጋው በአጥንት ነበር ማለት ነው፤ ከዚህ እማማ ብርቄን ማንም ጳጳስ መጥቶ አይመልሳቸውም።

ከሰሉ ተራገበ። ጭማቂው ከስኳሩ ጋር ይፍለቀለቅ ጀመር፤ እትዬ ማርታ አረፋውን በጭልፋ ትገፋለች፤ ሽታው ጾመኛ የሚያሰክር ነው። ትንሽ ቆይታ ሰሐን ላይ አንድ ጠብታ አንጠበጠበችና ዘንበል አደረገችው። ፈሰሰ። ተጨማሪ ሎሚ ጨመቀች። ሁለተኛውም ፈሰሰ።

«ይፈሳል» አሉ እማማ ብርቄ፣ ቅንድባቸውን አንሥተው።

ሦስተኛው ላይ ጠብታው ትንሽ ሄደና እንደ መቆም አለ። እትዬ ማርታ ድስቱን ቶሎ አወረደችና ብርጭቆዎቹ ላይ ቀዳችው። ሰባት ሰዓት ገደማ ነበር። ብርጭቆዎቹ መስኮቱ ደፍ ላይ ተደረደሩ፤ እማማም በርጩማቸውን ወደዚያ አዛወሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ማንም እህል አላነሣም። ለሊሴ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አሥር ሰዓት ሆነ። ዝናብ አንዣበበና ተመለሰ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እማማ ብርቄ ተነሡ፣ አማተቡና አንዱን ብርጭቆ ያዙ።

ዐይኔን ጨፈንኩ። ለሊሴ ክንዴን በጥፍሯ ስትይዘኝ ይሰማኛል። ከዚያ የእማዬ እልልታ ሲቀልጥ ከፈትኩት። ብርጭቆው ተዘቅዝቋል፤ ጄሊው ግን ፍንክች አላለም። እማማ ብርቄ በጣታቸው መታ አደረጉት። ደፍርሶም፣ ቀለሙ ጠፍቶም፣ እንደ ፊተኛው አድርጎ ተንቀጠቀጠ።

እማማ ብርቄ በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ማንኪያ አስመጡ። አንድ ሙሉ ዛቁና፣ ይጎርሳሉ ስንል ተነሥተው ወደ እትዬ ማርታ ሄዱ።

«ጉረሺ።»

«ኧረ እማማ፣ ጾመኛዋ እርስዎ፣ ይቅደሙ እንጂ!»

«ጉረሺ አልኩሽ! ይህ አፌ በድሎሻል። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

እትዬ ማርታ ዝቅ ብላ ጎረሰች፤ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሟት። እሷም በተራዋ አጎረሰቻቸው። እማማ ብርቄ ዐይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙና፣ ዐይናቸውን ሲገልጡ እኔን አገኙ።

«አንቺ ደግሞ፣ በዚያ ምላስሽ ድስቱን ላሺ!»

ቅጣት መሆኑ ነው። ለሊሴና እኔ ድስቱ ውስጥ ጭንቅላታችንን ከተትንና ሥሩ ላይ ትንሽ አሮ የያዘውን ፍቀን ፍቀን በላነው። ጉንጬ፣ አፍንጫዬ፣ ፀጉሬ ሳይቀር ተጣበቀ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ እንዲያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

እማማ ብርቄ ለበዓሉ ቆረቡ። የሚቀጥለው እሑድ ሬዲዮው ከፍ ሲል፣ ከሥሩ መዝሙሩ በስሱ ይሰማ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ፍልሰታ ሲገባ እማማ ብርቄ ቅርጫት አስይዘው ወደ ማዶ ይልኩኛል። ጄሊውንም የራሳቸው አደረጉት፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የማርታ ሰማይ የሚታይበት ነው፤ የኔ ግን አንጀት ያርሳል» እያሉ በመጨመቃቸው ይመጻደቁ ነበር። እትዬ ማርታም አንዲት ቀን እንኳ አላረመቻቸውም።

ዛሬ ያ ግቢ የለም፤ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ናዝሬት አዳማ፣ ዘይቱንም ጉዋቫ ተብለዋል። ለሊሴና እኔ አያት ከተባልን ቆየን፤ በስልክ እየተደዋወልን እንጨቃጨቃለን። ሱፐርማርኬት ስገባ በትንንሽ የፕላስቲክ ስኒ የታሸገ ጄሊ መደርደሪያ ሙሉ አለ፤ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም። የልጅ ልጆቼ እየጎተቱ ይወስዱኛል። ጾም ከሆነ መነጽሬን አጠልቅና ጀርባው ላይ የተጻፈውን ደቃቅ ፊደል አነባለሁ፤ ግማሹ አይገባኝም፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ልጆቹ ይሥቁብኛል። እኔም ራሴን ታዝቤ እሥቃለሁ፤ ግን እማማ ብርቄ ይናፍቁኛል።

ፊደል አያውቁም ነበር። የመጨረሻው ፍልሰታቸው ላይ አልጋ ይዘዋል። ቄሱ መጥተው እንዲበሉ ፈቀዱላቸው፤ እንቢ አሉ። አጥሚት ሲቀርብላቸው ወተት ሳትጨምሩበት አትቀሩም ብለው ከንፈራቸውን ግጥም ያደርጋሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ እማዬ ጨምራበት ነበር። ሦስት ቀን እንደዚያ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን እማዬ ማንኪያ ይዛ ወደ ከንፈራቸው አስጠጋች።

«ማን ሠራው?» አሉ ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

«ማርታ» አለቻቸው።

እማማ ብርቄ አፋቸውን ከፈቱ።